ሎጌ ላይ ሁሉም ሰው 127.0.0.1 ነው

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። ደሴ ቁጭ ብሎ የሰው ዌብሳይት መጠገን ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ እሱን ለምደነዋል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

አንድ የግል ኮሌጅ አለ፤ ስሙ ይቅር። ተማሪ በኦንላይን የሚመዘገብበት ሲስተም አሠርቷል። የሠራው ልጅ አስረክቦ ሄዷል፤ ስልክም አያነሳም። ፓስወርድ ደጋግሞ የተሳሳተ አይፒ (ኢንተርኔት ላይ የገባ መሣሪያ የሚታወቅበት የቁጥር አድራሻ) ለአንድ ሰዓት እንዲታገድ አድርጎታል። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን ሲስተሙ የሚያየው አይፒ የማን እንደሆነ ያጣራ የለም።

በምዝገባ ሰሞን አንዱ ተማሪ ሐይቅ ሆኖ ፓስወርዱ ጠፋበት። ሞከረ፣ ደገመ፣ ታገደ። ይሁን። ግን የወልድያውም አብሮት ታገደ። የከሚሴውም፣ የኮምቦልቻውም፣ እዚሁ ፒያሳ ካፌ ውስጥ የተቀመጠውም። ሬጅስትራሯ እንኳ ከገዛ ቢሮአቸው መግባት አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ስልኬ እረፍት አላገኘም። «ልጄ፣ ምን አድርገን ነው የዘጋህብን?» ይሉኛል። እትዬ፣ እኔ ምኑን ዘጋሁት!

ሎጉን፣ ማን መቼ እንደገባ የሚመዘገብበትን ፋይል፣ ስከፍት ከላይ እስከ ታች 127.0.0.1 ነው። ይህ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው። ፊት ለፊት ኢንጂንኤክስ የሚባል የሰርቨር ፕሮግራም ቆሞ ከጎብኚው ጥያቄ ይቀበላል፤ ከዚያ እዚያው ማሽን ላይ ላለው ሌላ የሰርቨር ፕሮግራም፣ ለአፓቼ፣ ያስተላልፋል። አፓቼ የሚያውቀው መስመሩን የከፈተለትን ብቻ ነው። ጥበቃው ከበር ማመልከቻ እየተቀበለ ሲያስገባ፣ ጸሐፊዋ መዝገቡ ላይ የጥበቃውን ስም ብቻ እንደምትጽፍ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ባለጉዳዩ አንድ ሰው ይሆናል። እሱን ከከለከላችሁት ደግሞ ቢሮው ተዘጋ ማለት ነው።

ፊተኛውን ሰርቨር የሚያስተዳድረው ሆስቲንጉ፣ ማለትም ሰርቨሩን የሚያከራየው ድርጅት፣ ነው፤ እኔ የምነካው የኋለኛውን ብቻ ነው። ደወልኩ። «ቲኬት ክፈት» አሉኝ፤ ችግርህን በጽሑፍ አስመዝግብ ማለታቸው ነው። ከፈትኩ። መልሱ «ከእኛ በኩል ምንም ችግር የለም» የሚል ሆነ። ይህን ዓረፍተ ነገር የፈጠረው ሰው የት እንዳለ ባውቅ!

ነገሩ አዲስ ቢሆን አልናደድም ነበር። ስኩዊድ የሚባለውን ፕሮክሲ (እንደ ኢንጂንኤክሱ መሀል ቆሞ ጥያቄ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) የሠሩት ሰዎች ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር የሚባል ሄደር፣ ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚላክ አጭር ማስታወሻ፣ ያመጡት ድሮ ነው። ፕሮክሲው ጥያቄውን ሲያስተላልፍ የባለቤቱን አይፒ እዚያ ላይ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አርኤፍሲ 7239 በሚባል የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ፎርዋርድድ የሚባል መደበኛ ሄደር ወጣለት። ማን ሰምቶት! ዛሬም አንዱ ኤክስ-ሪል-አይፒ ይላል፣ ክላውድፍሌር የሚባለው ድርጅት ሲኤፍ-ኮኔክቲንግ-አይፒ ይላል፣ አብዛኛው ያንኑ የጥንቱን ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ምክሩ ነው። ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ «አብሽር፣ ቀላል ነው። ሄደሩን አንብብና የመጀመሪያውን አይፒ ውሰድ» አለኝ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው። አቦ፣ ተዉን እንጂ! ሄደሩን እኮ ጎብኚው ራሱ ጽፎት መምጣት ይችላል። ከርል (በትእዛዝ ወደ ዌብሳይት ጥያቄ የሚልክ ፕሮግራም) ላለው ሰው የአንድ መስመር ሥራ ነው። ኢንጂንኤክስ በተለመደው አሠራሩ የመጣለትን ጽሑፍ አይሰርዝም፤ እሱ ያየውን አይፒ ከኋላው ይቀጥልበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ጎብኚው ያሰኘው ነገር ነው። ፓስወርድ የሚገምት ሌባ በየሙከራው አዲስ ቁጥር ይጽፍና አንድም ቀን ሳይታገድ ያድራል። ክፋት ካማረው ደግሞ የሬጅስትራሯን አይፒ ይጽፍና እሳቸውን ያሳግዳቸዋል።

የሚነበበው ከቀኝ ነው። የራሳችሁን ፕሮክሲዎች እየዘለላችሁ ወደ ግራ ትሄዳላችሁ፤ መጀመሪያ የምታገኙት የማታውቁት አይፒ እሱ ነው ጎብኚው። ይህን በኮድ መጻፍም አያስፈልግም። አፓቼ ሞድ-ሪሞት-አይፒ የሚባል ሞጁል፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ አለው፤ ሄደሩ የትኛው እንደሆነና የሚታመነው ፕሮክሲ 127.0.0.1 ብቻ መሆኑን ትነግሩታላችሁ። አለቀ። ከኋላ ያለው ኢንጂንኤክስ ከሆነም የራሱ ሪል-አይፒ ሞጁል አለው። ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ተማሪ ሲንከራተት የሰነበተው።

ተስተካከለ። አይፒዎቹ ለየብቻ መታየት ጀመሩ። እፎይ ልል ስል ሌላ መጣ። ለካ በሞባይል ዳታ የሚገባው ሕዝብ አንድን አይፒ ለብዙ ነው የሚጋራው! የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ ለዓለም ስልክ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ የኔትወርክ ድርጅቶች ብዙ ደንበኛ ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64.0.0 ጀምሮ ያለ አንድ ክልል ለብቻው ተመድቧል። እንግዲህ ትክክለኛውን አይፒ ብታግዱም ምንም የማያውቁ ሰዎች አብረው ይታገዳሉ። እኔ በበኩሌ እገዳውን አንስቼ፣ በየአካውንቱ ሙከራው እየበዛ ሲሄድ መልሱ እየዘገየ እንዲመጣ አደረግኩት። የረሳ ተማሪ ትንሽ ይጠብቃል፤ ገማቹን ግን ያሰለቸዋል።

ይህን ለዲኑ ማስረዳት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ ሰው በአስተያየት መስጫው ኮሌጁን ሰድቧል። «አይፒውን አገኘሁ አላልክም? በል ቀበሌውን አውጣልኝ» አሉኝ። ጋሼ፣ አይፒ ቀበሌ አይናገርም! ካርታው ላይ ስፈልገው አዲስ አበባ ይለኛል፤ ሰውዬው ግን ስለ ግቢው ጭቃ የሚያወራው ዛሬ ጠዋት እንደረገጠው አድርጎ ነው። ከተጋራ አይፒ ጀርባ ያለን ሰው መለየት የሚችለው ኔትወርኩን የሚያቀርበው ድርጅት ነው። እሱም በሕግ ሲጠየቅ፣ ትክክለኛው ሰዓትና የመጣበት የፖርት ቁጥር (በአንድ አይፒ ውስጥ አንዱን ግንኙነት ከሌላው የሚለይ ቁጥር) ከተሰጠው ነው።

የፖርት ቁጥሩን የሚያየው ፊተኛው ሰርቨር ነው። ወደ እኔ አያስተላልፈውም። እንዲያስተላልፍልኝ እንደገና ቲኬት ከፈትኩ። ዛሬ ጠዋት መልስ መጣ፦ «ከእኛ በኩል ምንም ችግር የለም።»