ድሬ ሰው እያጣች ነው ወይስ እየሞላች?

የክርክሩ ሀሳብ «ድሬዳዋ እያደገች ሳይሆን ሰዋን እያጣች ነው» የሚል ነው። የሚደግፈው ለገሀሬ ተወልዶ ያደገና አሁን አዲስ አበባ የሚኖር ነው፣ የምትቃወመው ሳቢያን የምትኖር መምህርት ናት። ሁለቱም በስማቸው መውጣት ስላልፈለጉ በሰፈራቸው ጠርተናቸዋል።

የለገሀሬው፦

እኔ ከቁጥር ነው የምነሳው። በ1976ቱ ቆጠራ ድሬ 98,104 ሰው ነበራት፣ ከአዲስ አበባና ከአስመራ ቀጥላ ሶስተኛ ማለት ነው፣ ያኔ ጎንደር 80,886 ነው፣ መቀሌ 61,583፣ ባህር ዳር 54,800። በ1987 ድሬ 164,851 ሆነች፣ በ1999 ደግሞ 233,224። አደገች አይደል እንዴ ትሉኛላችሁ። አዎ ግን በነዛው ሁለት ቆጠራዎች መሀል መቀሌ ከ96,938 ተነስታ 215,914 ገብታለች፣ ሀዋሳ ከ69,169 ወደ 157,139፣ ሁለቱም ከእጥፍ በላይ። የኛዋ የጨመረችው ከመቶ 41 ምናምን ነው። የሀገሪቱ ከተሜ ባጠቃላይ ከ7.3 ሚሊዮን ወደ 11.9 ሚሊዮን ገደማ ሲሄድ ማለትም ከመቶ 60 በላይ ሲጨምር ድሬ ከዛ በጣም ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ከተማ በወሊድ ብቻ አያድግም፣ ሰው ሲመጣበት ነው የሚያድገው። ድሬ ላይ የሚመጣው አነሰ የሚሄደው በዛ፣ ቁጥሩ የሚለው ይሄንን ነው።

ለምን እንደሆነ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይቺን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው፣ ሀዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልተቻለ በ1895 እዚህ ሜዳው ላይ ቆመና ከተማ ሆነ፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 የጉዞው መጨረሻ እኛ ነበርን። ሸመንደፈር (ምድር ባቡሩ ውስጥ) የሰራ አባት ያለው ሰው ያኔ ምን ማለት እንደነበረ ያውቃል፣ የኔም አባት ወርክሾፑ ውስጥ ነው የኖረው። ከዛ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ ወደብ ተዘጋ፣ የሀገሪቱ ዕቃ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ያ የድሬ ዕድል መሆን ነበረበት እኮ! ግን ዕቃው በሚሌ በጋላፊ በትሬለር አለፈ እንጂ በኛ በኩል አልመጣም፣ ባቡሩም እያረጀ እያረጀ ቆመ። አዲሱ ባቡር በ2010 ስራ ጀመረ ጣቢያው ግን ከከተማ ውጭ ነው፣ ተሳፋሪው መሀል ከተማውን ከዚራን ሳይረግጥ ይሄዳል። አብረውኝ የተማሩት ግማሹ አዲስ አበባ ነው፣ ጅቡቲ ያለ አለ፣ አረብ ሀገር ያሉ አሉ። ድሬ ላይ የቀረው አሮጌና ቃሚ ነው። ይሄን ስጽፍ እያመመኝ ነው ግን እውነቱ ይሄ ነው።

የሳቢያኗ፦

«የቀረው አሮጌና ቃሚ ነው።» ሶስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ድሬ ነው ያለሁት። አሮጌ ነኝ ወይስ ቃሚ? ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደብተር ይዤ በባጃጅ ስሄድ አብሮኝ የሚሳፈረው የግንባታ ሰራተኛ የቱ ነው? ቀፊራ ገበያ በፀሀይ ቲማቲምና ሽንኩርት ዘርግታ የምትውለው የሰላሳ ዓመት ሴትስ? ለገሀሬ ያደገ ሰው እንደዚህ ይጽፋል ብዬ አላስብም ነበር አቦ።

ክፍሌ ውስጥ 68 ተማሪ አለኝ። ሀምሳ ነው የሚያስተናግደው፣ ከኋላ ያሉት ለሶስት በአንድ ዴስክ ነው የሚቀመጡት። ሰው እያጣች ያለች ከተማ ወንበር አታጣም። ቤት ኪራይ ደግሞ ጠይቅ፣ ሳቢያን አንድ ክፍል ለመከራየት ደላላ ጋር ስትሟገት ነው የምትከርመው፣ ኪራዩ የናረው ሰው ስለበዛ ነው ሌላ ምክንያት የለውም።

አንተ ድሬን የምታያት መቼ ነው? ታህሳስ 19 ለቁልቢ ስትመጣ አይደል? ሆቴሉ ሲሞላ አድረህ ነገ ጠዋት ትመለሳለህ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን ድሬ አለቀላት ተብሎ ነበር። አላለቀላትም። የተረፈው ሰው ጭቃውን በአካፋ አወጣ፣ ያኔም እዚሁ ነበርኩ።

የለገሀሬው፦

የመጀመሪያውን መልስ ጠብቄ ያገኘሁት ስድብ ነው። መቀሌንና ሀዋሳን አላነሳሽም፣ ከመቶ 41ንም አላነሳሽም። አሮጌና ቃሚ ያልኩትን ቸኩዬ ነው የጻፍኩት እሺ፣ እዛ ያለው ሁሉ እንደዛ ነው ማለቴ አይደለም፣ እናቴ እስክትሞት እዛው ነበረች እኮ።

ግን ያንቺን አንድ ነገር ልያዝ። «ኪራዩ የናረው ሰው ስለበዛ ነው ሌላ ምክንያት የለውም» ብለሻል። ኪራይ ያልናረበት ከተማ የትኛው ነው? ሲሚንቶ ስንት ገባ ብረትስ ስንት ገባ? ብሩ በወደቀ ቁጥር ገንዘቡን ቤት ላይ የሚያስቀምጠው ብዙ ነው፣ ቤት ሰርቶ ቆልፎ የሄደውም ብዙ ነው፣ ለገሀሬ በሩ የዛገ ግቢ እኔ ራሴ አውቃለሁ። ኪራይ የሰው ብዛት መለኪያ ቢሆንማ ቆጠራ ለምን ያስፈልጋል?

እሱንም ካነሳን፣ ከ1999 ወዲህ ቆጠራ የለም። አራተኛው ስንት ጊዜ ነው የተራዘመው! አሁን የድሬ ህዝብ ይሄን ያህል ደረሰ እየተባለ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው፣ ግምት ደግሞ የሚሰራው የ1999ን ቁጥር ይዞ ይወለዳል ይሞታል ይመጣል ተብሎ በታሰበው መጠን እያባዙ ነው። ወረቀት ላይ የሚያድግ ቁጥር አንድ ወጣት ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አያይም።

የሳቢያኗ፦

«ቸኩዬ ነው።» ስትቸኩል የወጣው ነው እኮ ልብህ ውስጥ ያለው። እናትህ ነፍሷን ይማር፣ እሷን ማን አስታመማት? ማን ቀበራት? የቀረው ሰው ነው። እድሩ ነው ድንኳን የተከለው፣ ጎረቤት ነው ሶስት ቀን ያደረው። ያን ጊዜ አሮጌና ቃሚ አላልከንም።

መቀሌና ሀዋሳ ላይ መልስ ትፈልጋለህ፣ እሺ። እነሱ የክልል ዋና ከተማ ተደረጉ፣ ቢሮው እዛ በጀቱ እዛ ሰራተኛው እዛ፣ ዙሪያቸው ያለው ገጠር ሁሉ ጉዳዩን ሊያስፈጽም ወደነሱ ይመጣል። ድሬ በ1996 ቻርተር ተሰጣትና ተጠሪነቷ ለፌዴራል ሆነ፣ ከኋላዋ ክልል የላትም፣ የራሷ ገጠርም ቢሆን ትንሽዬ ነው። ያለ ክልል፣ ባቡሯ እያረጀ፣ 233,224 መድረሷና በ1999ም ከአዲስ አበባ ቀጥላ ሁለተኛ መሆኗ ለኔ ጥንካሬ ነው። ይሄን ከቁጥርህ ውስጥ ለምን ዘለልከው? አዳማን በ13 ሺህ በልጣ ሁለተኛ ነበረች እኮ! ደሞ ከተሜ ጥቂት ይወልዳል፣ ድሬ ከድሮም ከተሜ ናት፣ ትናንት ከገጠር የወጣ ሰው ከሚኖርበት ጋር ወሊዱን አታወዳድር።

ነጻ የንግድ ቀጠናውስ? በሀገሪቱ የመጀመሪያው ነው፣ በ2014 ነሐሴ እዚህ ነው የተከፈተው። ሰዋን እያጣች ላለች ከተማ ቀጠና አይከፈትም።

ሰው አልመጣም ላልከው ደግሞ ከተማሪዎቼ ስንቱ በ2010 የመጣ እንደሆነ ላሳይህ እችላለሁ። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል ወሰን ላይ ግጭቱ ሲነሳ ቤታቸውን ጥለው በሌሊት የወጡ ናቸው፣ መጀመሪያ ድንኳን ውስጥ ነበሩ አሁን ኪራይ ቤት ናቸው፣ ልጆቻቸው አማርኛ ሶማሊኛ ኦሮምኛ ቀላቅለው ነው የሚያወሩት እንደማንኛውም የድሬ ልጅ።

የለገሀሬው፦

አሁን ተገናኘን፣ ያንቺ «እየሞላች ነው» የሚለው ተፈናቃይ ነው ማለት ነው? ተፈናቃይ መርጦ አልመጣም፣ ተገፍቶ ነው የመጣው፣ የድሬ ስራና የድሬ ንግድ ስቦት አይደለም። አንድ ከተማ አደገች የሚባለው ሰው ልኑርባት ብሎ ሲመጣ ነው። ነጻ ቀጠናውን አነሳሽ፣ ሰፈርሽ ውስጥ እዛ የሚሰራ ስንት ሰው ታውቂያለሽ? እንደ ሸመንደፈር አንድ ሰው ተቀጥሮ ስምንት ሰው የሚያበላበት ስራ አለ? አባቴ በአንድ ደሞዝ አምስታችንን አስተምሮናል፣ ቤት ሰርቷል፣ ጡረታ ወጥቷል። ድሬን ድሬ ያደረጋት እንደዛ አይነቱ ሰራተኛ ነው፣ የሄደው ደግሞ የሱ ልጅ ነው።

የሳቢያኗ፦

ቆይ ቆይ። ተፈናቃይ አይቆጠርም ነው የምትለው? መርጠህ ካልመጣህ ሰው አይደለህም? አባትህስ መርጦ ነው የመጣው ወይስ ሀገሩ ላይ መሬት አጥቶ? እዚህ ከተማ ሀዲድ ሊዘረጋ የመጣው፣ ከየመን ተሻግሮ መጋላ ሱቅ የከፈተው፣ ከሶማሌው በኩል ግመል እየነዳ የመጣው ሁሉ አንድ ነገር ገፍቶት ነው የመጣው። ድሬ ማንንም ለምን መጣህ ብላ አታውቅም፣ እኛ ቤት አንቱታ እንኳን የለም፣ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ነው የምንለው። ይሄን ረስተህ ነው በተመረጠና በተገፋ ሰው የምትለየን።

እኔ ያማረረኝ ሌላ ነው እንዳትሳሳት። ሰው መጣ ውሃ አልጨመረም፣ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤቶቼን ጠይቅ። ሰው መጣ ክፍል አልተሰራም። የምትከራከረኝ ያንን ይዘህ ቢሆን አብሬህ እጮህ ነበር። አንተ ግን የሄዱት የጓደኞችህ ቁጥር ላይ ተቀምጠህ የመጡትን መቁጠር እምቢ አልክ።

የለገሀሬው፦

አይቆጠርም አላልኩም! ያላልኩትን አትጻፊብኝ። ማደግና መብዛት ይለያያል ነው ያልኩት። ራስሽ ተናገርሽው እኮ፣ ውሃ የለም ክፍል የለም አልሽ፣ ታዲያ እድገቱ የቱ ጋ ነው? ክርክሩ የተጀመረው ድሬ እያደገች ነው አይደለም በሚል ነበር።

የሳቢያኗ፦

የተጀመረው «ሰዋን እያጣች ነው» በሚል ነው። ከላይ ተጽፏል፣ ተመለስና አንብበው። አሁን መብዛቷን አመንክ።

የለገሀሬው፦

አንድ ነገር ልንገርሽና ይብቃኝ። የአባቴን ቤት አልሸጥኩትም። አምስት ልጆች ነን፣ አንዳችንም ድሬ የለንም፣ ሁለቱ ከሀገርም ወጥተዋል። ቤቱን የተከራዩት ከጅግጅጋ በ2010 ክረምት የወጡ ናቸው፣ ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነው፣ ከነልጆቹ ሰባት ናቸው። ስለዚህ በቁጥር ከሆነ ያ ግቢ ከኛ ጊዜ ጋር እኩል ነው፣ አባትና እናቴን ጨምረን እኛም ሰባት ነበርን። እኔ ግን ባለፈው ስገባ የአባቴ የወርክሾፕ ሳጥን በረንዳው ላይ ነበር፣ ልጆቹ ደብተራቸውን ያስቀምጡበታል። ይሄን እድገት በይው ውድቀት በይው አላውቅም፣ ለኔ ያለቀ ነገር አለ። ያንን ነው ልነግርሽ የሞከርኩት፣ አንቺ ግን አንድ ቃል ላይ ተጣብቀሽ ቀረሽ።

የሳቢያኗ፦

ቃሉን አሁንም አልተውኩትም፣ ይቅርታ ሳትል «ቸኮልኩ» ብለህ ነው ያለፍከው።

ሳጥኑ ላይ ደብተር የሚያስቀምጡት ልጆች ስንተኛ ክፍል ናቸው? ለገሀሬ አካባቢ ያለው ትምህርት ቤት ሞልቷል ብሎ መልሷቸው ከሆነ ለአባታቸው ንገረው፣ ምዝገባ ሳይዘጋ የልጆቹን ካርድ ይዞ ሳቢያን ይምጣ። 69ኛና 70ኛ ይሆናሉ፣ ቦታ እፈልጋለሁ።