ማስተካከያ፦ «ኒውክሌር» ከኤምአርአይ ስም ለምን ወጣ?

ባለፈው ጽሑፌ ስለ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚያነሳ የሕክምና መሣሪያ) «ድሮ ጨረር ስለነበረው ኒውክሌር ይባል ነበር፤ ጨረሩ ሲቀር ስሙም ተቀየረ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ።

የራዲዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍትን አይቼ አረጋግጫለሁ። መሣሪያው እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ያለ ጨረር ኖሮት አያውቅም። የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። «ኒውክሌር» የተባለው በአቶም እምብርት (ኒውክለስ) ምክንያት ነው፤ በተለይ በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ባለው የሃይድሮጅን እምብርት። የሬዲዮ ሞገዱ ይነካዋል፣ እሱ መልሶ ምልክት ይሰጣል፣ ምልክቱ ምስል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቃሉ ሲወጣ የሥራው መርህ አልተለወጠም። ቃሉ ሰው ላይ የሚፈጥረው ፍርሃት ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ኬሚስቶች በቤተ ሙከራቸው እስካሁን ኤንኤምአር (የመጀመሪያው «ኤን» «ኒውክሌር» ማለት ነው) ነው የሚሉት።

«የስም ለውጡ ፍርሃቱን አጠፋው» ማለቴም ተጋንኗል። ዛሬም «ጨረር አለው እንዴ?» የሚል ታካሚ አለ።

ባለፈው ጽሑፌ ደንግጣችሁ የእናታችሁን የኤምአርአይ ቀጠሮ ለመሰረዝ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ በጨረር ፍርሃት አትሰርዙት። ይልቅ ሰውነቷ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ካለ ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ለባለሙያው ንገሩ።