ራጁ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ወደ ሩጫ አትመለሱ

ስለ ሯጮች የቅልጥም ሕመም የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን «ቅልጥም ሲያም በረዶ ይዞ ሁለት ሳምንት ማረፍ ይበቃል» የሚለው ለሁሉም አይሠራም። ሕመሙ እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ በጣት ጫን ጫን እያደረጉ መፈተሽ ነው። በቅልጥሙ ውስጠኛ ጠርዝ ረዘም ብሎ የተዘረጋ ሕመም ብዙ ጊዜ የአጥንት ስንጥቅ (በተደጋጋሚ ጫና አጥንት ላይ የሚወጣ ቀጭን ስብራት) አይደለም። አንዲት ቦታ ላይ ሲነኩት የሚያስጮህ ከሆነ፣ ወይም ተኝተውም የሚጠዘጥዝ ከሆነ ግን ስንጥቅ ይጠረጠራል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ራጅ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት ራጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የሰውነት ውስጥ ምስል) ግን ቀድሞ ያሳየዋል። በተለይ ሕመሙ ከፊት በኩል፣ የቅልጥሙ መሀል ላይ ከሆነ ቀልድ የለም። እዚያ ያለ ስንጥቅ ቶሎ አይድንም፤ ጭራሽ አጥንቱ ለሁለት ሊሰበር ይችላል።

ሁሉን ነገር በጫማ ማሳበቡም አልተዋጠልኝም። ርቀትን በአንዴ መጨመር አለ። ምግብም አለ፤ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም። ለሚሮጠው ሩጫ የሚበቃ ምግብ የማይበላ ሰው አጥንቱ በወጉ አይጠገንም። የወር አበባ መቅረትም የዚህ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የቀረባት ሯጭ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ታማክር። (አሠልጣኞች ይህን መጠየቅ የሚያፍሩ ይመስለኛል።)

ማስታገሻ ውጦ መሮጥማ ይቅር። ስንጥቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከሩጫ መራቅ ይጠይቃል፤ ከፊት በኩል ያለው ከዚያም ይረዝማል። እስከዚያው ሐኪሙ ከፈቀደና ካላመመ ዋና አለ፣ ብስክሌት አለ።