«ማንም ወደኋላ አይቀርም» ያላችሁት እናንተ ናችሁ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ቃላት አልመርጥም።

የዛሬውን የሐዋሳ ታቦር ተራራ ሩጫ ያስተባበራችሁ ሰዎች ስሙኝ። «ለጤና ነው፣ ውድድር አይደለም፣ ማንም ወደኋላ አይቀርም» ብላችሁ ለጥፋችኋል። ይሄን አምኜ ነው ጓደኛዬን ለምኜ ያወጣኋት። የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከወለደች ወዲህ ገና ወደ ራሷ እየተመለሰች ነው። ሌሊት ተነስታ አጥብታ፣ ሕፃኑን ለእናቷ ትታ፣ የከረመ ጫማዋን ከአልጋ ስር አውጥታ ነው የመጣችው። ስንነሳ ፊቷ በርቶ ነበር። ያን ፊት ካየሁት ቆይቻለሁ።

እስከ ታቦር ግርጌ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ሐዋሳን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከተማው ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ የብስክሌት አገር። ድንገት ብድግ የሚሉት ታቦርና አላሙራ ናቸው። ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። በዚህ ላይ ሜዳ የለመደ ሰው ዳገት ሲገጥመው ልቡ ከእግሩ ቀድማ ትሮጣለች። ለዚህ አሰልጣኝ መሆን አያስፈልግም። ቀስ በሉ፣ ስትደክሙ በእርምጃ ሂዱ፣ ከኋላ አንድ ሰው አለላችሁ ማለት ብቻ ነው። እነሱ ግን ዳገቱ ሲጀምር ፊሽካ ነፍተው ተፈተለኩ። ከኋላ የቀረ አስተባባሪ የለም። ምልክት የለም። መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል የቱ ጋ እንደሄዱ የነገረን ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነው። እግዚአብሔር ያሳድገው።

ጠጠሩ ከእግር ስር ይንሸራተታል። ጓደኛዬ ጎኗን ወጋት፣ ቆመች፣ ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች። ጀርባዋን እያሻሸሁ በአፍንጫ ሳቢ፣ በአፍ አውጪ እያልኳት ነው። ይሄኔ አስተባባሪው ከነአጃቢዎቹ ጨርሶ ሲወርድ ደረሰብን። ፊሽካው አንገቱ ላይ።

«እናንተ ገና እዚህ ናችሁ እንዴ?»

«ጎኗን ወግቷት ነው፣ ትንሽ እንረፍ ብለን ነው» አልኩት። በትህትና ነው የመለስኩት።

«መሮጥ ካልቻላችሁ ታዲያ ለምን መጣችሁ? ሰው እኮ ጨርሶ እየወረደ ነው።»

«ወንድሜ፣ ማንም ወደኋላ አይቀርም ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «እሱማ ለማስታወቂያ ነው፣ እህቴ!»

ለማስታወቂያ ነው! አጃቢዎቹም አብረው ሳቁ። አንዱ ጭራሽ «ባጃጅ ይጠራላቸው» አለ። ታቦር ዳገት ላይ ባጃጅ! እኔም ዝም አላልኩም። «እንግዲያው ፊሽካውን ስጠኝና እኔ ላስተባብር» አልኩት። ሳቁ ቀጥ አለ። ፊቱን አዙሮ ወረደ።

ያቃጠለኝ ግን እሱ አይደለም። ጓደኛዬ ቀና ብላ ከኋላው «ይቅርታ፣ አዘገየናችሁ» አለችው። ይቅርታ! እሷ! በማን ጥፋት ነው እሷ ይቅርታ የምትጠይቀው? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ደግሞ ጠዋት መንገድ ላይ አንዱ ባለ ባጃጅ ከጎናችን እየነዳ «ደራርቱ! በርቺ ደራርቱ!» እያለ ጥሩንባውን ሲነፋብን ነበር። በዚህ አገር ሴት ስትሮጥ ሁሌ እንዲሁ ነው፤ የደራርቱን ስም ለመቀለጃ ያውሉታል። ደራርቱን ግን ታውቋታላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ብቻዋን አልጨፈረችም። ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ሜዳውን የዞሩት። በ1998 ወለደች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን ደገመችው። በ2009 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ደግሞ እንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ አሟት ወደኋላ ስትቀር ደራርቱ በውድድሩ መሃል አይዞሽ ብላታለች፣ ከዚያ ቀጥላ ውድድሩን አሸነፈች። እሷ ኒውዮርክ ላይ፣ በዓለም ፊት ሰው ዞር ብላ አየች። እናንተ ታቦር ላይ፣ ሜዳሊያ በሌለበት፣ አንዲት አራስነቷ ገና ያልወጣላትን እናት ማየት አቃታችሁ?

ደረስን ደግሞ። ጫፍ ላይ ወጣን። ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ፣ ከተማው ከዛፉ ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። ጓደኛዬ አለቀሰች፣ የደስታ ነው። ያን ሰዓት ማንም አልነበረም። ለብቻችን ነው ያጨበጨብነው።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድን፤ መጨረሻው እዚያ ነው ተብሎ ነበር። የዓሣ ሾርባቸውን ጠጥተው ጨርሰዋል። ለውሃ ብለው ከሁላችንም ብር ሰብስበዋል፣ ውሃው አልቋል። ባዶ ካርቶኑን ነው ያሳዩን። ከዳገት ለወረደች የምታጠባ እናት ባዶ ካርቶን! ውሃ የሰጡን ዓሣ የሚያጸዱት እናት ናቸው፣ ከራሳቸው ጀሪካን። «ጠጡ ልጆቼ፣ ምነው እንዲህ ጠወለጋችሁ» አሉን። ብር ብንሰጥ እምቢ አሉ። ፎቶውም ተነስቷል፣ ያለ እኛ። ከሰዓት ሲለጠፍ ከስሩ ምን ተጻፈ መሰላችሁ? «ሁሉም በሰላም ጨርሷል፣ አንድም ሰው አልቀረም።»

ይሄ የዛሬ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። የሄድንበት ጂም «ለጀማሪ የሚሆን» ብሎ አስከፍሎ ጀማሪውን ጥግ ላይ አቁሞ ይረሳል። ሴቶች በነጻ ብለው ጠርተው ሰዓቱን ሥራ ሰዓት ላይ ያደርጉታል። መጥራት ይችሉበታል። የመጣውን ሰው መያዝ ላይ ግን የሉበትም። እኔ እንግዲህ ደክሞኛል።

ጓደኛዬ ማታ ደውላ «ተይው፣ እኔ ነኝ የከበድኩባችሁ» አለችኝ። አልተውም! በመጪው እሁድ እኔና እሷ ሐይቁ ዳር፣ ሜዳው ላይ፣ በራሳችን ልክ እንወጣለን። መምጣት የምትፈልጉ ኑ፣ ፊሽካ የለም። ውሃ እኔ እይዛለሁ።

ይሄን ሁሉ ግሩፓቸው ላይ ልጽፈው ነበር። አድሚን ብቻ ነው የሚጽፈው፣ ለሌላው ዝግ ነው። አባል የሆናችሁ እባካችሁ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ለባለ ፊሽካው ላኩልኝ። የውሃውንም ብር ይመልስ።