ቲቸር ፓስዎርድ ረሱ

ጎንደር ላይ ማንነትህን የሚያስረዳልህ ሌላ ሰው ነው። መታወቂያህ ቢጠፋ ምስክር ታቀርባለህ። ሚስት ስትፈልግ ሽማግሌ ትልካለህ። ዕቁብ ስትገባ ዋስ ትጠራለህ። ብቻህን ቆመህ "እኔ እገሌ ነኝ" ብትል የሚሰማህ የለም። "የማን ልጅ ነህ?" ነው የምትባለው። ኮምፒውተር ግን ተቃራኒ ነው። የሚያምንህ ከአንተ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ስትነግረው ብቻ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ሰፈር ማንም የማያውቀው ነገር የለም።

ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉ። ትልቅ ትንሹ "ቲቸር" ይላቸዋል። ባለፈው ክረምት የኢሜይል ፓስዎርዳቸውን ረሱ። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው የላከችው የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ወሬው የዕድሩ ዳኛ ዘንድ ደርሷል። ሰው ለማጽናናት መጣ። ጋቢውን አጣፍቶ ገብቶ "እግዜር ያስመልሰው" ያለም ነበር።

"ለምን ኩባንያውን አይጠይቁትም? እሱ ያውቀው የለ?" አሉ አንዲት ጎረቤት።

አያውቀውም። ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት ፓስዎርድህን እንደጻፍከው አያስቀምጥም። በስሌት ይለውጠውና ውጤቱን ብቻ ይይዛል። ስሌቱ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ተደርጎ የተሠራ ነው። በገባህ ቁጥር የጻፍከውን እንደገና ያሰላዋል፤ ውጤቱ ከገጠመ ይከፍትልሃል። ቲቸር ይህን ሲሰሙ ፓስዎርዱ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "ኢንቨርስ የሌለው ፈንክሽን ነዋ!" አሉ። ሴትዮዋ ግን ተናደዱ። "ራሱ የማያውቀውን ነው እንዴ እኛን የሚያፋጥጠን?" አሉ። ለመመለስ የሞከረ አልነበረም።

ፓስዎርድ ሲረሳ ሌላ መግቢያ አይጠፋም። ፋሲል ግቢ 12 በር ነበረው ይባላል፤ የእምቢልታ በር፣ የባልደራስ በር፣ የተዝካሮ በር እያለ። አካውንትም እንደዚያው ነው። አንዱ ቢዘጋብህ በሌላው ትሞክራለህ። የቲቸር ግን እያንዳንዱ በር የራሱ ጉድ ነበረው። መጠባበቂያ ተብሎ የተሞላው ሁለተኛ ኢሜይል ተገኘ። የእሱም ፓስዎርድ ተረስቷል። እሱን ለማስመለስ ኮዱ የሚላከው ወደ መጀመሪያው ኢሜይል ነው። "ከዚህ በፊት በተጠቀሙበት ኮምፒውተር ይሞክሩ" የሚል ምክርም መጣ። ቲቸር የተጠቀሙበት ኮምፒውተር ኢንተርኔት ቤት ነበር። ኢንተርኔት ቤቱ አሁን ጁስ ቤት ሆኗል። ያም ሆኖ የሄደ ሰው ነበር፤ አቮካዶ ጠጥቶ ተመለሰ።

ከዚያ የደኅንነት ጥያቄዎቹ መጡ። የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም ማን ነው? የመጀመሪያ ውሻህስ ማን ይባላል?

ፈረንጅ አገር ብዙዋ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትወስድ፣ የድሮ ስሟ ምስጢር ሊሆን ይችል ይሆናል። የእኛ እናት ግን ከልደቷ እስከ ቀብሯ በአባቷ ስም ናት። የቲቸርን እናት ከነአያት ቅድመ አያታቸው የሚቆጥሩ አሮጊቶች ወዲያው ተሰለፉ። ውሻው ላይ ግን ክርክር ተነሳ። አንዱ "ቦቢ ነበር" አለ። ሌላው "ቦቢማ እኔን የነከሰኝ ነው፤ ከእሱ በፊት ጃክ ነበር" ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየ። ሰነድ ቀረበ ማለት ነው። ጃክ አሸነፈ።

ጉግል በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ካሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተጠቃሚዎቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸው የሰጡትን መልስ በሚፈልጉት ሰዓት ማስታወስ አቅቷቸዋል። ጎረቤት ስለሌላቸው ነው።

ቲቸር ይህን ሁሉ መልስ አስገቡ። ማሽኑ "ስህተት" አለ። አሮጊቶቹ ተቀየሙ። ነገሩ ሲጣራ አካውንቱን የከፈተላቸው ያኔ የግማሹን ሰፈር ኢሜይል የከፈተው የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው። ልጁ ተፈልጎ ተገኘ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። "ለሁሉም ጥያቄ አንድ ሁለት ሦስት አራት ነበር የምሞላው" አለ ያለ ኀፍረት። የልደት ቀናቸውንም የሞላው እሱ ነው። መስከረም የመጀመሪያው ወር ስለሆነ ጃንዋሪ አድርጎታል። ዓመተ ምህረቱንም እንደ ወረደ በእኛው አስገብቶታል። ስለዚህ ቲቸር ኮምፒውተር ላይ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅተዋል። ጡረታ ሊያስከብር የሚችል ዕድሜ ዝም ብሎ ተቀምጦ ኖሯል!

ለነገሩ ፓስዎርድ ድሮም ገመና መሸፈን አልሆነለትም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ይጠቀም ስለነበር፣ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ለየሰው ፓስዎርድ ሰጡ። በ1962 እ.ኤ.አ. አላን ሼር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃው አለ። የፓስዎርዱን ዝርዝር በሙሉ አትምልኝ ብሎ ማሽኑን አዘዘው። ማሽኑም አተመለት። እኛ ሰፈር ቢሆን ማተሚያም ባላስፈለገ።

እኛን የሚያድነን ፓስዎርድ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። አምና የአንዱን ጎረቤት ቴሌግራም ሌባ ወሰደው። ደውሎ "ስልክዎ ላይ ቁጥር መጥቷል፣ ያንብቡልኝ" አለው፤ ጎረቤታችንም ሰው አክባሪ ነውና አነበበ። ሌባው በእሱ ስም ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ "ሰላም፣ ብር ላክልኝ" ብሎ ጻፈ። ማንም አልላከም። ጎንደሬ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እናትህ ጉልበት ሳይጠይቅ ብር አይጠይቅማ! አዘዞ ያለች እህቱ መልእክቱን ባየች ጊዜ "ወንድሜ ወይ ታሟል ወይ ተሰርቋል" ነው ያለችው።

ይኸው ሰላምታ ግን ቲቸርን ጉድ ሊያደርጋቸው ነበር። የባጃጁ ልጅ አንድ ሁለት ሦስት አራትም አልከፈተምና የቀራቸው በር የድሮ ስልካቸው ብቻ ነው። ቁጥሩ ሳይሠራ ብዙ በመቆየቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ቢደውሉ ጅማ የሚኖሩ አንዲት ሴት አነሱ። የባጃጁ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ኮዱን አስላከ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረሙ?" አሉ ቲቸር። "ቤተሰቡ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? የዘንድሮ ቡናስ?"

ሴትዮዋም የዋዛ አልነበሩም። ስለ ቡናው ከሥሩ ጀምረው አስረዱ። ኮዱ ጊዜው አለፈበት። ሌላ ተላከ። እሱም ስለ ልጆች ትምህርት ሲወራ አለፈ። ሌላ ሲላክ ባለቤታቸው ስልኩን ነጠቁ። "እኅቴ፣ ሰላምታው አይጠፋም፤ መጀመሪያ ቁጥሩን ይበሉኝ" አሉ።

ተከፈተ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ማሽኑ አዲስ ፓስዎርድ ፍጠሩ አለ።

ቲቸር መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ይኼ ምስጢር ነው፤ ሁላችሁም ፊታችሁን አዙሩ" አሉ። ስንት ዓመት ፈተና የፈተኑት ሰፈር ነውና ሁሉም ያለ ማንገራገር ወደ ግድግዳው ዞረ። ቲቸር በአንድ ጣታቸው መጻፍ ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ጮክ ብለው እያነበቡ ነው የኖሩት። አሁንም እያንዳንዱን ፊደል በጠራ ድምፅ እየጠሩ ጻፉ።

ከግድግዳው በኩል የባጃጁ ልጅ ሳይዞር እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ የመጀመሪያው ፊደል ትልቁ ነው ትንሹ?"