ካሜራ በካላማዳሪ

ሞተር ብስክሌት ላይ ካሜራ ማሰር ምን ይባላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር፤ «ለማስረጃ ነው» እላለሁ። አንድ አይሱዙ መስመሩን ስቶ ቢገጨኝ፣ ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ በሚያልፍበት በዚህ ዘመን፣ ጉቦ የማይበላና ዝምድና የማያውቅ እማኝ ቢኖረኝ ምን ይከፋል? ይህ መልስ ለትራፊክ ፖሊስም፣ ለመሥሪያ ቤት አለቃም፣ ለእናቴም እኩል የሚያገለግል ጨዋ መልስ ነበር። እውነቱ ግን የጣርማ በርን ቁልቁለት ስወርድ እንዴት እንደማምር ራሴን ለማየት መጓጓቴ ነው። መሪ ላይ የታሰረ ካሜራ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማያይ፣ ስለዚህም ከእኔ በስተቀር ሁሉንም እንደሚያሳይ የገባኝ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ብርዱን እንደ ቅርስ የሚጠብቅ ከተማ። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በመካከሉ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት 587 ሜትር የሚረዝም ዋሻ አለ። ከዋሻው ወዲህ ደጋ፣ ከዋሻው ወዲያ ገደል፣ ከገደሉ በታች ቆላ፣ በሁሉም ላይ ጉም፤ በአፋፉ ደግሞ ጋማቸውን ነፋስ የሚያበጥርላቸው ጭላዳዎች። እንዲህ ያለ አገር እያለ ሳይቀረጹ መንዳት ድግስ ተጠርቶ ጾመኛ ነኝ እንደ ማለት ሆኖ ታየኝ።

መጀመሪያ የሞከርሁት በስልኬ ነበር። መሪው ላይ አሥሬው ሁለት ሳምንት እንደተጓዝሁ ስልኩ ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ማየት ተሳነው። የሞተር ብስክሌት ንዝረት በመሪው በኩል ተላልፎ በስልክ ካሜራ ውስጥ ያሉትን ምስል የሚያረጋጉ ጥቃቅን ክፍሎች ሊጎዳ እንደሚችል አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ አሳስቦ ነበር፤ የእኔ ስልክ የአፕል ሥሪት ባይሆንም ማሳሰቢያውን አክብሮ ተበላሸ።

በዚህ ጊዜ ነው አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደርሶ ጎፕሮ የሚባለውን ትንሽ ካሜራ የላከልኝ። ይህ ዕቃ መነሻው ባሕር ነው። ኒክ ውድማን የተባለ በማዕበል ላይ መንሸራተት የሚወድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ድርጅቱን አቋቁሞ፣ በ2004 የመጀመሪያውን ካሜራ፣ በእጅ አንጓ የሚታሰር ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አድርጎ ለገበያ አቀረበ። ውኃ ላይ ሲንሸራተት ራሱን ለማየት የፈለገ ሰው የሠራውን ዕቃ ቁልቁለት ላይ ሲንሸራተት ራሱን ማየት የፈለገ ሰው ወረሰው ማለት ነው፤ ምኞታችን አንድ ነው፤ ልዩነታችን እርሱ ማየቱ ብቻ ነው።

አብሮት የመጣውን ተለጣፊ መያዣ በኅዳር ማለዳ፣ ጤዛ ባረፈበት ሳልባቲዮ፣ በነዳጅ ታንኩ፣ ላይ ለጠፍሁት። ወረቀቱ ንጹሕና ደረቅ ቦታ ላይ ለጥፈህ 24 ሰዓት ጠብቅ ይላል፤ እኔ 24 ደቂቃም አልጠበቅሁ። ካሜራው ከከተማው መውጫ ሳይደርስ ወርዶ አስፋልቱን ሲለካ ተገኘ። ቀጥሎ አንድ በያጅ ዘንድ ሄጄ የብረት መያዣ አስበየድሁ። ብረቱ ለድልድይ የሚበቃ ነበር፤ ምስሉ ግን ለምንም አልበቃም። የካሜራው ምስል መቀበያ ሥዕሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ አንዱን መስመር ጨርሶ ወደሚቀጥለው እስኪሻገር ባለ አንድ ሲሊንደሩ ሞተሬ ያናውጠዋል፤ ብረቱም ንዝረቱን ሳያጓድል ያስረክባል። የመብራት ምሰሶዎቹ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተልፈስፍሰው፣ በመንገድ ዳር የቆሙ የተከበሩ ሽማግሌዎች ወገባቸውን ይዘው እስክስታ ሲወርዱ ታዩኝ።

መፍትሔው የመጣው ከጎሚስታው ነው። ብረቱንም የተለጣፊውን ቅሪትም አየና «ወንድሜ፣ ሙጫ ለደብዳቤ ነው፤ ብረት ለበር ነው» ብሎ ካረጀ ካላማዳሪ ላይ ሁለት ጣት የሚሰፋ ጥብጣብ ቆርጦ፣ ካሜራውን ከመሪው ጋር እንደ ቁስል ጠቀለለው። ላስቲኩ ንዝረቱን ዋጠው፤ ምሰሶው ቀጥ አለ፤ ሽማግሌዎቹም ክብራቸው ተመለሰላቸው። (ካላማዳሪ የምንለው ጣሊያኖች «ካሜራ ዳሪያ» የሚሉት ነው፤ የአየር ክፍል ማለት ነው። ፎቶ የሚያነሳውም ካሜራ ስሙን ያገኘው ከዚያው «ክፍል» ከሚለው ቃል ነው፤ የጥንቱ ካሜራ ጨለማ ክፍል ነበርና። ስለዚህ ጎሚስታው ሳያውቀው ሁለት የሥጋ ዘመዶችን ከብዙ ዘመን መለያየት በኋላ አስተቃቅፏል፤ የጠየቀኝ ግን 50 ብር ብቻ ነው።)

የነፋሱን ጩኸት ደግሞ ከእናቴ አሮጌ ባና ላይ በቆረጥኋት ቁራጭ ሱፍ፣ የድምፅ መቀበያውን ሸፍኜ ዝም አሰኘሁት። ነፋሱ ዝም ሲል የተሰማው የእኔ ድምፅ ነው። በሄልሜት ውስጥ ሰው እንደማይሰማኝ ተማምኜ ምን ያህል እንደምዘፍን፣ ዜማውን ምን ያህል እንደማበላሽና ሚኒባስ ሾፌሮችን በየትኞቹ እንስሳት ስም እንደምጠራ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ታላቁ ጉዞ በደረሰ ዕለት፣ ከግቢያችን በር ጀምሬ አበራሁት፤ ወፍራም ጓንት ካጠለቁ በኋላ ቁልፉን መጫን አይሞከርምና። በከፍተኛው ጥራት፣ «ፎር ኬ» በሚባለው፣ በሴኮንድ 60 ምስል እንዲይዝ አዘዝሁት። እንዲህ ሲቀረጽ አንድ ሰዓት ወደ 45 ጊጋባይት ይበላል፤ የእኔ ሚሞሪ ደግሞ 64 ነበር። ዝቅ ባለ ጥራት ቢሆን ቦታው ይተርፈኝ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ለጣርማ በር ዝቅ ያለ ጥራት አይመርጥም። ቤት ያለው ቴሌቪዥናችን ከዚያ ሥዕል ነጥቦች ሩቡን ብቻ ማሳየት እንደሚችል ለጊዜው ረስቼዋለሁ። ነዳጅ ለመቅዳት ስሰለፍ ሳላጠፋው ቆየሁ። ብርዱ በበኩሉ ባትሪውን እያሟጠጠው ነበር፤ ብርድ የሊቲየም ባትሪን ጉልበት እንደሚያሳንስ፣ ስለዚህም መለዋወጫውን ብብት ሥር ይዞ መጓዝ እንደሚገባ የተማርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የዋሻው አፍ ሲታየኝ ካሜራው ዐይኑን ጨፈነ። ጭላዳዎቹንም፣ ገደሉንም፣ ጉሙንም በገዛ ዐይኔ ብቻ አየሁ፤ አሁን ሳስበው የዚያን ቀን የማስታውሰው እርሱን ብቻ ነው። ደብረ ሲና ስደርስ ቆሎ ሻጮቹ ከበቡኝ፤ ካሜራው የሞተ መሆኑን ብነግራቸውም አንዷ «ቀርጸኸኝማ ሳትገዛ አትሄድም» ብላ ሦስት ስኒ ለካችብኝ።

እሑድ ቡናው እንደቀረበ ፊልሙን ለቤተሰቡና ለጎረቤት አሳየሁ። ይዘቱ ባጭሩ ከበራችን እስከ ከተማው መውጫ ያለው ሰፈር፣ የነዳጅ ሰልፍ፣ ከዚያም ረጅም ሜዳ ነበር። በኀፍረት ላጠፋው እጄን ስዘረጋ እናቴ «ቆይ፤ እስቲ መልሰው» አለች። መለስሁት። «እዚያ ላይ አቁመው። ይህ የእነዚያ ቤት አይደለም? ቆርቆሮ ቀየሩ እንዴ? የዕቁቡን ቸግሮኝ ነው አላለችም?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለተኛው ጎረቤት ስኒውን አስቀምጦ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። ጀግናው መንገድ ይሆናል ብዬ ያሰብሁት ፊልም፣ ተመልካቾቹ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ የሚያነቡት ጋዜጣ ሆነ። የማን አጥር ወደ መንገዱ እንደገፋ፣ ማን ከማን ጋር ቆሞ እንዳወራ፣ ሰልስት ሄጄ ነው ያለው ጎረቤት በጠላ ቤት ደጃፍ ጫማውን ሲያስጠርግ ሁሉም ተራ በተራ ታየ። እኔ ስዘፍን የሰማ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ይህ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። በሚኒባስ ስለተገጨ በግ የሚታይ ክርክር ነበረባቸውና በዚያን ዕለት ማለዳ ያለፍሁ መሆኔን ሰምተዋል። ላፕቶፑን ከፍቼ አብረን አየን። በጉ ቆሞ ይታያል፤ ከዚያ ዝቅ ብዬ ቀረጻውን የምትነግረዋን ቀይ መብራት ስመለከት ሄልሜቴ ሥዕሉን በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ሄልሜቱ ሲነሣ በጉ የለም። ማስረጃ ብዬ ያሰርሁት ካሜራ የመሰከረው እኔ መንገዱን እያየሁ እንደማልነዳ ብቻ ነው። አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ «ልጄ፣ በጉን አንተ ትሆን እንዴ የገጨኸው?» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ካሜራውን ልፈታው ወስኜ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ካላማዳሪውን መፍታት ስጀምር እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ወጣች፤ የፈታሁትን ዙር መልሳ ጠቀለለችው፤ ካሜራውንም እየነቀነቀች መጥበቁን አረጋገጠች።

«ዛሬ በወፍጮ ቤቱ በኩል እለፍ» አለችኝ።

በዚያ በኩል ወደ ሥራ መንገዱ እጥፍ እንደሚሆን ነገርኋት።

«ይሁን። እነዚያ ሳይነግሩን ድንኳን ጥለዋል አሉ። በቀስታ እለፍ፤ ማን ማን እንደተጠራ ልየው።»