ለሦስት ቀን ሮም

ጎረምሳና ኮረዳ ይዞ ከፍራንክፈርት ሮም ለሦስት ቀን ደርሶ መምጣት ያሰበ የሐበሻ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት በሰዓት መስማማት አለበት። አባት «በረራው 12 ሰዓት ነው» ሲል ጀርመን የተወለደው ልጅ እኩለ ቀን ነው ብሎ ይሰማል፤ እፎይ ብሎም እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ላይ ያፈጣል። ይህ ዘጠኝ ሰዓት ራሱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ቤተሰቡ ገና አልተስማማም። ስለዚህ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት በቤቱ የፈረንጅ ሰዓት ይታወጅ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእሱ ነው።

ቀጥሎ ስም ይመጣል። አባት ከበደ አየለ ቢባል ልጁ ዳዊት ከበደ፣ እናቱ አልማዝ በቀለ ናቸው። ለእኛ ጥርት ያለ ቤተሰብ ነው። ለአየር መንገዱ ኮምፒውተር ግን አየለ፣ ከበደና በቀለ የሚባሉ፣ መንገድ ያገናኛቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቡኪንግ መቁረጥ፣ ስሙንም ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። እናት ልጆቹን ብቻዋን ይዛ የምትሄድ ከሆነ የልደት ሰርተፍኬታቸውን ቦርሳዋ ውስጥ ትክተት። መቀመጫ ለመምረጥ ካልተከፈለ ጎረምሳው ከወላጆቹ አሥር ረድፍ ርቆ ሊመደብ ይችላል፤ በዚህ ቅር የምትሰኘው እናት ብቻ ናት።

በርካሽ ቲኬት በነፃ የሚያዘው ቦርሳ አብዛኛውን ጊዜ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው። ኮረዳዋ በዚህ ውስጥ ለሦስት ቀን ሰባት ቅያሪ ታስገባለች፤ እናት ደግሞ ሮም ላለችው ዘመድ «ትንሽ ነገር» ትጨምርበታለች። በርበሬና ሽሮ ደረቅ ስለሆነ ያልፋል። የተነጠረ ቅቤ ግን በፍተሻ ሕግ ከፈሳሽ ይቆጠራል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ እዚያው ይቀራል። አንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች በአዲስ ማሽን ከዚያ በላይ መፍቀድ ስለጀመሩ የሚነሱበትን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ ካሸተተ በኋላ ስለ ኮረሪማና ኮሰረት ማስረዳት ዋጋ የለውም።

ከሮም ዋና አውሮፕላን ማረፊያ ከፊዩሚቺኖ ወደ ከተማ የሚወስደው ፈጣን ባቡር ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። ጎረምሳ ደግሞ ሙሉ ሰው ነው፤ በነጠላ ከተቆረጠ ለአራት 56 ዩሮ ይሆናል። በጥንታዊው የከተማ ቅጥር ውስጥ እስካለ ማረፊያ ድረስ የታክሲው ቁርጥ ዋጋ 55 ዩሮ ነው፤ ያውም ሻንጣችሁን እስከ ደጃፍ ያደርሳል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ አባት ግን ባቡሩን ይመርጣል። ምክንያቱም ባቡሩ የሚያወርደው ቴርሚኒ ነው፤ ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይም ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። የታሪክ ትምህርቱ ሻንጣ በእጅ እንደተያዘ ይሰጣል፤ ጎረምሳው በበኩሉ ዋይፋይ ይፈልጋል።

ማረፊያው አፓርታማ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ መታጠቢያው ስንት ነው? መብራቱስ ስንት ኪሎ ዋት ይችላል? ብዙ የጣሊያን ቤት የሚፈቀድለት 3 ኪሎ ዋት ነው። ኮረዳዋ 2 ኪሎ ዋት የሚስበውን ፀጉር ማድረቂያ ስትለኩስና እናት በዚያው ቅጽበት ውኃ ማፍያውን ስትሰካ ቆጣሪው ቀጥ ይላል። ልጆቹ ይጮኻሉ፤ ወላጆች ግን አገር ቤት የገቡ ያህል ተረጋግተው ሻማ ይፈልጋሉ።

ፕሮግራሙን በሚመለከት፣ ለአንድ ቀን አንድ ትልቅ ነገር ይበቃል። አባት የሚጽፈው አሥራ አራት ቦታ ያለው ዝርዝር እስከ ሁለተኛው ጄላቶ ቤት እንኳ አይደርስም። የኮሎሲየም ቲኬት ከ30 ቀን በፊት በኢንተርኔት ይለቀቃል። ከ18 ዓመት በታች ያሉት በነፃ ይገባሉ፤ ይሁንና እነሱም ስማቸው ያለበት ቲኬትና መታወቂያ ያስፈልጋቸዋል። ለ8:30 አትቁረጡ፤ ገንዘባችሁን ትጥላላችሁ። 10:30 ሁለቱንም ትውልድ ያስታርቃል። የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ መጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ዝግ ስለሆነ፣ ጉዞው እሑድ የሚያልቅ ከሆነ «ለመጨረሻው ቀን እናቆየው» የሚባል ነገር የለም። ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ እዚህ ላይ የእናት ነጠላ ኮረዳዋን ያድናታል። የልጁን ቁምጣ የሚያድን ግን የለም።

ከኮሎሲየም ጎን የቆንስጣንጢኖስ ቅስት አለ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው እዚያ ነው። አባት ይህን የሚያነሳው ልጁ «እግሬን አመመኝ» ባለ በሰከንዱ ነው። ልጁ ግን እውነቱን ነው፤ የሮም መንገድ ወጣ ገባ የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ለጉዞው ተብሎ የተገዛ ስኒከር ከሰዓት ሳይደርስ ተረከዝ ይልጣል። ሁለት ሳምንት የተደረገ ጫማና አንድ ፓኮ ፕላስተር ያዙ። ከዚያ ጥቂት አለፍ ሲሉ ፖርታ ካፔና አለ፤ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረው ቦታ ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 አገሩ ስለገባ አሁን እዚያ የሚጎበኘው አለመኖሩ ነው። የሌለ ሐውልት ፊት ፎቶ እንዲነሳ ጎረምሳን ማሳመን ሐውልቱን ከማስመለስ ብዙም አይቀልም።

እቅድን ከሥሩ የሚነቅለው ግን ዘመድ ነው። «ሮም ድረስ መጥታችሁ ሆቴል? እኔ ሞቻለሁ?» ይባላል። «አሥር ደቂቃ ብቻ ሰላም ብለን እንወጣለን» የተባለው ጉብኝት በዶሮ ወጥ ይጀምራል፤ በጉርሻ ይቀጥላል። ሁሉም ጠግቦ ሶፋው ላይ ሲዘረጋ ደግሞ ጥሬው ቡና መታጠብ ይጀምራል። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጭሱ ለእያንዳንዱ አፍንጫ ዞሮ፣ ተወቅጦ፣ ጀበና ገብቶ አቦል እስኪቀዳ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ከዚያ ቶና፣ ከዚያ በረካ። በረካን ሳይጠጡ መነሳት ነውር ነው፤ ሰዓት የተቆረጠለት የኮሎሲየም ቲኬት ደግሞ በረካ አያውቅም። መፍትሔው ዘመድን በደረሱበት ቀን ማታ ላይ ማስገባት፣ ይህንንም ከመነሳት አንድ ሳምንት አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። ከሮም ሆኖ «መጥተናል» ብሎ መደወል ቅያሜ ያተርፋል።

ዘመድ ባዶ እጅ አትሸኝም። ፓኔቶኔ የሚባለው የጣሊያን የበዓል ኬክ አንድ ኪሎ ከነካርቶኑ፣ አራት ፓኮ ቡና፣ ለእገሌ የሚደርስ ጫማ ይታደላል። ቦርሳው አሁንም ያው 40 በ30 በ20 ነው። የአውሮፕላኑ በር ላይ ሠራተኛዋ የብረት መለኪያውን ስትጠቁም አባት ቡናውን በኪሱ ከቶ ሁለተኛውን ጃኬት በመጀመሪያው ላይ ይደርባል። ዳዊት ከበደም አሥር ሜትር ርቆ፣ አየለ ከሚባል መንገደኛ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ሰው ስልኩን እያየ ይቆማል።